ቤንዚን፣ ናፍጣና ጃዞሊን፦ በአሶሳ አካባቢ የመኪና ነዳጅ ስለሚለዋወጥበት ምክንያት

ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ያለው መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኩርሙክ ግን በሱዳን ወሰን፣ በቆላው ውስጥ ናት። ስለዚህ ከኩርሙክ ወደ አሶሳ የሚመለስ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ይወጣል። ይህን አስቀድመን የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በሁለቱ የትምህርት ወቅቶች መካከል ባለችው ዕረፍት፣ በዚሁ ዳገት ላይ አንድ የናፍጣ መኪና ቤንዚን ተቀድቶበት ሲቆም እኛም ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነበርን። እንዲያውም ለስሕተቱ ከማንም ይልቅ ቅርብ የነበርነው እኛ ነን፤ እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንገልጻለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከልባችን ስላልወጣ፣ ሾፌሮችንና መካኒኮችን እየጠየቅን መጻሕፍትንም እየተመለከትን ያገኘነውን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ እንሞክራለን።

ነዳጅ ተሳስቶ ተቀዳ ሲባል ሰሚው ሁሉ ሾፌሩን ወይም ማደያው ላይ የቆመውን ሰው ይወቅሳል። አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ ይህ ወቀሳ ብዙ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። መቅጃው በአንድ ቦታ ተተክሏል፤ ስሙም ተጽፎበታል፤ ስሕተቱ የሚመጣው ሐሳብ ሲበተን ነው። በአሶሳ አካባቢ ግን ነዳጁ ከመኪናው ከመድረሱ በፊት ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ፣ ከአንድ ቋንቋም ወደ ሌላ ቋንቋ ይገለበጣል። መሳሳቱ የሚፈጠረው በዚህ መገለባበጥ ላይ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ ሞተሮች ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዛሬው የቤንዚን ሞተር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው ባለ አራት ምት ሞተር የወረደ ነው። ነዳጁና አየሩ ይደባለቃሉ፤ ፒስተኑ ይጨምቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ ያቀጣጥላቸዋል። ሌላው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። በእርሱ ሞተር ውስጥ በመጀመሪያ የሚጨመቀው አየር ብቻ ነው። አየሩ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው በዚህ በጋለው አየር ላይ እንደ ጉም ሲረጭበት ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይነድዳል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል፤ ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ ሞተሮች ከነዳጃቸው የሚፈልጉት ጠባይ ተቃራኒ ነው። ቤንዚን ቶሎ ይተንናል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነበት ብርድ እንኳ በብልጭታ ሊያያዝ የሚችል ተን ይሰጣል። ናፍጣ ግን እንዲህ ያለ ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። በዚህ ብቻ የፈረደ ሰው ቤንዚን በማናቸውም መንገድ ከናፍጣ ይልቅ ቶሎ ይነድዳል ይል ይሆናል፤ እኛም እንዲህ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ብልጭታ ሳይነካው በሙቀት ብቻ ለመንደድ ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ሙቀት ይበቃዋል። ቤንዚን በመጨመቅ ብቻ ላለመንደድ ያለው ጽናት በኦክቴን ቁጥር፣ ናፍጣ ፈጥኖ ለመንደድ ያለው ዝግጁነት ደግሞ በሲቴን ቁጥር ይለካል። በአንደኛው ከፍ ያለ ነዳጅ በሌላው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቦታ ማግባት በሬውን በፈረስ ኮርቻ እንደ መጫን ነው።

ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። ናፍጣ በቤንዚን መኪና ወይም በባጃጅ ሲቀዳ፣ ሞተሩ በቱቦው ውስጥ በቀረው ቤንዚን ጥቂት ይሄዳል፤ ቀጥሎ ያነክሳል፤ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ በመጨረሻም ይጠፋል። ካንዴላው በዘይት ይለወሳል። ታንኩ ተራግፎ፣ ቱቦው ታጥቦ፣ ካንዴላው ተጠርጎ ንጹሕ ቤንዚን ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ይነሣል። የአሶሳ ባጃጅ ነጂዎች ይህን ሲያወሩ ይሥቃሉ እንጂ አያዝኑም።

ቤንዚን በናፍጣ መኪና ሲቀዳ ግን የሚሥቅ የለም። ናፍጣ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ለፖምፓው ቅባትም ነው። ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው ኖዝል ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱት ብረቶች የተራራቁት ከሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ እጅ ባነሰ ክፍተት ነው፤ በመካከላቸውም ከራሱ ከናፍጣው በቀር ሌላ ዘይት የለም። ቤንዚን ሲገባ ይህን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። ብረት ብረትን ይፍቃል፤ የተፋቀውም ደቃቅ ብረት በቱቦው እየሄደ ኖዝሉን ይበላል። ከዚህም በላይ ቤንዚኑ በሰዓቱ ስለማይነድድ፣ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ሲነድድ ሞተሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

በቀድሞዎቹ ሞተሮች ፖምፓው ነዳጁን የሚገፋበት ኀይል ጥቂት መቶ ባር ያህል ስለ ነበረ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በትንንሽ መኪናዎች ላይ የገባው «ኮመን ሬይል» የሚባለው ሥርዐት ግን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ኀይል ይሠራል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር መሄድ ብቻ ፖምፓውን፣ ኖዝሎቹንና ቱቦዎቹን ሁሉ ለማስለወጥ ሊበቃ ይችላል። አንድ አዛውንት ሾፌር «ጥቂት ቤንዚን ለናፍጣ ሞተር መድኀኒት ነው፤ ያጥበዋል» ብለውን ነበር። ይህ አነጋገር ከባዶ የመጣ አይደለም። በብርድ አገር ናፍጣ እንደ ሰም ስለሚረጋ፣ አንዳንድ የቀድሞ መኪናዎች መመሪያ በክረምት ጥቂት ቤንዚን እንዲደባለቅ ይፈቅድ ነበር። በኩርሙክ ሐሩር ግን የሚረጋ ናፍጣ የለም፤ የዛሬዎቹም ሞተሮች ይህን አይችሉም።

በብዙ አገሮች ማደያዎች የናፍጣው መቅጃ አፍ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የቤንዚኑ ግን ወደ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የናፍጣው አፍ በቤንዚን መኪና ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም፤ የቤንዚኑ ቀጭን አፍ ግን በናፍጣ መኪና ሰፊ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ቀላሉ ስሕተት ሲከለከል ከባዱ በሩ ተከፍቶለታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ መከላከያ እንኳ የሚሠራው መቅጃ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ አገር የሚገባ ሲሆን አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ለተወሰኑ ዓመታት ቤንዚን ከሱዳንም ይገዛ ነበር። የጅቡቲው ነዳጅ አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከዚያ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ አሶሳ ለመግባት ደግሞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ወለጋ ጸጥታ በታወከባቸው ጊዜያት ይህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ቦቴዎቹ በአጀብ ካልሆነ የማይሄዱበት ወቅትም ነበር። ቦቴ ሲቀር ማደያ ይደርቃል፤ ማደያ ሲደርቅ ጀሪካን ይወጣል። በጀሪካን መነገድ በሕግ እንደሚያስቀጣ ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ። ነገር ግን ከከተማ ርቆ ባለ መንደር፣ ሕመምተኛ ወይም ዕቃ የጫነ መኪና ሲቆም ሌላ መንገድ የለም።

ጀሪካን ስንል አንባቢው የብረቱን እንዳያስብ እንለምናለን። የብረቱን ጀሪካን ጀርመኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሠራዊታቸው የሠሩት ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ጀርመኖችን «ጄሪ» ብለው ይጠሩ የነበሩት እንግሊዞች ናቸው። በዚያ ሠራዊት ውስጥ የውሃው ጀሪካን ከነዳጁ እንዲለይ ነጭ መስቀል ይቀባበት ነበር። የእኛው ጀሪካን ግን የምግብ ዘይት የመጣበት ቢጫ ፕላስቲክ ነው። ትናንት ዘይት፣ ዛሬ ውሃ፣ ነገ ናፍጣ፣ ከነገ ወዲያ ቤንዚን ይያዝበታል፤ አንዳችም ምልክት የለውም። ለሞተር ብስክሌትና ለባጃጅ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ በመንገድ ዳር በድንጋይ ላይ ይቆማል። ወደ መኪናው የሚቀዳውም ታችኛው ወገኑ በተቆረጠ ሌላ ጠርሙስ ስለ ሆነ፣ የ21 እና የ24 ሚሊ ሜትሩ ብልኀት እዚህ ቦታ የለውም። በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የጀነሬተሩን ናፍጣ እኛ ተማሪዎቹ ተሸክመን እናመላልስ ነበር። በርሜሎቹ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ተቀብተው ስለ ነበር ማን እንደ ቀባቸው ጠይቀን አናውቅም። አሁን ቢሆን እናመሰግነው ነበር።

ወደ ቋንቋው ነገር እንመለስ፤ ለእኛም ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነው። በአማርኛ የምንጠራቸው የነዳጅ ስሞች በሙሉ መንገደኞች ናቸው። ቤንዚን የሚለውን ስም ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚትሸርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1833 ካወጣው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ያ ቃል ደግሞ የተገኘው ዐረቦች «ሉባን ጃዊ» ወይም «የጃዋ ዕጣን» ከሚሉት ሙጫ ነው። እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ የሚያጨሱት ሉባንጃ ይኸው ስም ነው። ናፍጣም እንዲሁ። በዐረብኛ «ነፍጥ» ድፍድፍ ዘይት ነው። በጥንት ዘመን በጦርነት ለሚወረወረው እሳት፣ ቆይቶም ለባሩድ መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ገብቶ ጠመንጃን ነፍጥ አልን። ጣሊያኖች ያንኑ ሥር «ናፍታ» ብለው ለዲዝል ነዳጅ መጠሪያ አደረጉት። እኛም ካንዴላን፣ ፊልትሮንና ፖምፓን ከጋራዣቸው ስንወስድ ናፍጣንም አብረን ወሰድን። በአሶሳ የነበረው የጣሊያን ጦር ከቤልጂክ ኮንጎ በሱዳን አድርጎ በመጣ ሠራዊት መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ተነጠቀ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በየጋራዡ አለ። ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው፣ ለኬሚስትሪ ተማሪ «ናፍታ» ማለት ቶሎ የሚተንን፣ ለቤንዚን የቀረበ ነገር መሆኑ ነው። ጋዝ ደግሞ ለእኛ የኩራዝና የምድጃው ነጭ ጋዝ ነው፤ ለሳይንስ መምህሩ እንደ አየር ያለ ነገር ነው፤ ለአሜሪካኑ ግን ቤንዚን ነው።

አሁን አሶሳ ደረስን። የበርታ ሕዝብ ከራሱ ቋንቋ ሌላ ዐረብኛም ይናገራል፤ የድንበሩም ገበያ ብዙው በዐረብኛ ነው። በሱዳን ዐረብኛ ቤንዚን ያው ቤንዚን ሲሆን፣ ናፍጣ «ጃዞሊን» ይባላል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ደግሞ «ጋዞሊን» ማለት ቤንዚን ነው። አንድ ቃል ወሰን ሲሻገር ተገልብጦ ጠላቱን ይጠራል ማለት ነው። በዓለም የነዳጅ ንግድ ናፍጣ «ጋዝ ኦይል» እየተባለ ይጠራል፤ ጅቡቲ የሚነገረው ፈረንሳይኛም ናፍጣን «ጋዞል» ይለዋል። ስለዚህ ከአሜሪካኑ ይልቅ ሱዳኑ ለብዙኀኑ አጠራር የቀረበ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ሁሉ ግን በዚያ የካቲት ቀን አናውቅም ነበር።

የተከራየነው መኪና የቆየ ሂሉክስ ነበር። ሾፌሩ አሶሳ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜ የገፉ በርታ ናቸው፤ አማርኛም ዐረብኛም እኩል ይናገራሉ። ረዳቱ ግን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በቁጥር በሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች ከሰፈሩት ሰዎች የአንዱ የልጅ ልጅ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ከኩርሙክ ስንመለስ በአንድ መንደር ለቡና ቆምን። የነዳጁ ልክ ወርዶ ስለ ነበረ ሾፌሩ ከወዳጃቸው ጋር እንደ ተቀመጡ «ሃያ ሊትር ጃዞሊን አምጣና ቅዳ» ብለው ገንዘብ ሰጡት። ልጁ እርሳቸውን ዳግመኛ መጠየቅ አፈረ። እኛ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ነበር ወደ እኛ መጥቶ «ወንድሞቼ፣ እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ጃዞሊን ማለት ምንድን ነው?» አለን።

እኛም ሳናመነታ «ቤንዚን ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ነው» ብለን መለስንለት። ማወቃችንም ደስ አሰኝቶን ነበር።

ልጁ ሄዶ በአማርኛ ቤንዚን ጠየቀ፤ ሻጩም ቤንዚን ሰጠው። በዚህ ግብይት ውስጥ ውሸት የተናገረ የለም። በታንኩ ውስጥ ዐሥር ሊትር ያህል ናፍጣ ቀርቶ ነበር፤ በላዩ ላይ ሃያ ሊትር ቤንዚን ገባ። ከመንደሩ ስንነሣ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ታቅፋ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ለመሄድ ለመነችና ከኋላ ወንበር ተቀመጠች።

ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድን ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ አቅም አጣ፤ ውስጡም ብረት በብረት እንደሚመታ ጮኸ፤ ወዲያውም ጠፋ። ሾፌሩ በሞተሪኖው ሁለት ጊዜ ሞክረው ተዉት። ወርደው የታንኩን ክዳን ከፍተው አሸተቱ፤ ቀጭን እንጨት ነክረው በመዳፋቸው ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ጠብታው መዳፋቸውን አቀዝቅዞ አብዛኛው በቅጽበት ተነነ። ናፍጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እንደ ቅባት ይቀር ነበር። ልጁን ዞረው አዩት። ልጁ እኛን አየ።

በዚያች ሰዓት ወዲያው አልተናገርንም። ይህን መጻፍ ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን የሆነው እንዲህ ነው። ሾፌሩ ልጁን ሲቆጡ፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ እኛ መንገዱን እንመለከት ነበር። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና መጣ። እናቲቱና ሕፃኑ ጋቢና ገቡ፤ ሂሉክሱም በገመድ ታሰረ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደን ጠየቅን፤ ሕፃኑ የወባ መድኀኒት ተሰጥቶት ትኩሳቱ በርዶለት ነበር። ሦስት ሰዓት ግን ለወባ የያዘው ሕፃን ቀላል ነገር እንዳልሆነ አስታማሚዋ ሳትሸሽግ ነግራናለች።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ በመጀመሪያ የጠየቀው «ከቆመ በኋላ ስንት ጊዜ አስነሣችሁት?» ብሎ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ መሆኑን በኋላ ተረዳን። ስሕተቱ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ከታወቀ ቁልፉን መንካት እንኳ አይገባም፤ በአዳዲስ መኪናዎች ቁልፉ ገና ሲዞር በታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነዳጁን መግፋት ይጀምራልና። መኪናው በሰው ኀይል ተገፍቶ ወይም ተጎትቶ ይወሰዳል እንጂ «እስከ ጋራዥ ድረስ ብቻ» ተብሎ አይነዳም። በመንገድ የታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ ወዲያው ማጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ታንኩ ይራገፋል፤ ፊልትሮው ይለወጣል፤ ቱቦዎቹ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባሉ፤ ከመነሣቱም በፊት የገባው አየር ይወጣል። መካኒኩ የአሮጌውን ፊልትሮ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጦ አሳየን። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ቢገኝ ፖምፓው ተፍቋል ማለት ነው፤ የእኛው ግን ንጹሕ ነበር። «የድሮ ፖምፓ መሆኑ ረዳችሁ» አለን። ሁለት ኖዝሎች ግን መለወጥ ነበረባቸው።

ነዳጁን ሲያራግፉ ብዙ ሰዎች በቀጭን ላስቲክ በአፋቸው ይስባሉ። ይህን ልማድ እንዲተዉት አጥብቀን እንለምናለን። ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ በሽታ ያመጣል። የዋጠ ሰው ቢኖር ሊያስታውኩት አይገባም፤ ሲያስታውክ እንደ ገና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ነዳጁን ለመለየት በክብሪት የሚሞክርም አለ ይባላል፤ ስለዚህ ምን እንበል! በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማኖር ይበቃል። ቤንዚን ሲተንን ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ ናፍጣ ግን የቅባት ነጥብ ይተዋል። በቀለሙ ብቻ መፍረድ አያስተማምንም፤ በቢጫ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ቢጫ ነው።

ከታንኩ የተራገፈው ድብልቅ ራሱ አደጋ ነው። እኛ ባለንበት አንድ ጎረቤት መጥቶ «ለኩራዝ ይሆነኛል» ብሎ ለመነ፤ መካኒኩ ግን ከለከለው። ነጭ ጋዝ በብልጭታ የሚያያዝ ተን የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ስለ ሆነ በኩራዝ ውስጥ በሰላም ይነድዳል። ቤንዚን የተቀላቀለበት ግን በክፍሉ ሙቀት ተኖ ኩራዙን ያፈነዳዋል። በናይጄሪያ በቤንዚን የተበከለ ነጭ ጋዝ ብዙ ቤተ ሰቦችን ከአንድ ጊዜ በላይ አቃጥሏል። በጀሪካን የሚሸጥ ነዳጅ ስሙ ሲጠፋ መኪናን ብቻ አያቆምም ያልነው ስለዚህ ነው።

ነዳጅ መሳሳት በአየርም ላይ ደርሷል። ቦብ ሁቨር (እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 2016) የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ አብራሪ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኑ ውስጥ የጄት ነዳጅ ተቀድቶበት ከተነሣ በኋላ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉበት። ሰው ሳይሞት ለማረፍ ቻለ። ነዳጁን የቀዳውን ወጣት ግን እንዳላባረረው፣ ይልቁንም በማግስቱ ሌላውን አውሮፕላኑን እርሱ ራሱ እንዲቀዳለት እንደ ጠየቀ ይነገራል። ከዚያም በኋላ የጄቱ መቅጃ በሌላው አውሮፕላን ታንክ አፍ እንዳይገባ ጠፍጣፋ አፍ ተሠራለት፤ እስከ ዛሬም በሁቨር ስም ይጠራል። ይህን ታሪክ ያገኘነው ጉዳያችን ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመን ብናውቀው ለመኪናው ባለቤት እናነብለት ነበር።

ባለቤቱ የኖዝሎቹ ዋጋ ከልጁ ደመወዝ እንዲቆረጥ አዝዞ ነበር። የሁለት ወር ደመወዙን ይወስድበታል። እኛም በዚያው ምሽት ወደ ሾፌሩ ቤት ሄደን፣ ቃሉን የተረጐምነው እኛ መሆናችንን ነግረን፣ ለመመለሻ ያስቀመጥነውን ገንዘብ አቀረብን። ሾፌሩ ቆጠሩት። ግማሹን ለይተው መለሱልን።

«እኔ ደግሞ በአማርኛ መናገር እየቻልሁ በዐረብኛ አዘዝሁት» አሉ። «ይህ የኔ ድርሻ ነው። በሉ ልጆቼ፣ ተቀመጡ፤ ራት ብሉ።»

በማግስቱ ከአሶሳ ስንነሣ ረዳቱ በቀይ ቀለም ሲጽፍ አገኘነው። በአንደኛው ጀሪካን ላይ «ናፍጣ» ብሎ ከበታቹ «ጃዞሊን» ጽፎበታል። ለሌላው ደግሞ በዐረብኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ሾፌሩን እየጠየቀ ነበር፤ እኛን አልጠየቀንም።